«ክመት» የአፈር ስም ነው፦ ስለ ጥንታዊ ግብጻውያን ማንነት ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ጥንታዊ ግብጻውያን ማንነት በቅርቡ በአማርኛ ተጽፎ ብዙ አንባቢ ያገኘ አንድ ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው የሚከተለውን ነው። የጥንት ግብጻውያን አገራቸውን «ክመት» ያሉት «የጥቁሮች አገር» ለማለት ነው፤ ሥዕሎቻቸውና ሐውልቶቻቸው ይህንኑ ይመሰክራሉ፤ ቋንቋቸው ከግእዝ የተወለደ ነው፤ ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ጥቁረታቸውን በዓይኑ አይቶ ጽፏል፤ ናፖሊዮን ማስረጃ ለማጥፋት የስፊንክስን አፍንጫ በመድፍ አስመትቷል፤ የዛሬዎቹ ግብጻውያን በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዐረብ ምድር የመጡ ሰዎች ዘር እንጂ የፈርዖኖቹ ልጆች አይደሉም፤ ፈርዖን ቲርሐቅ ኢትዮጵያዊ ስለ ነበረ የግብጽ ሥልጣኔ የእኛ ነው፤ ክሊዮፓትራም ጥቁር ንግሥት ነበረች፤ ይህን የሚቃወም የዘረመል ጥናት ሁሉ የፈረንጅ ሴራ ነው። በመጨረሻም ጸሐፊው «ጥቁር ካልነበሩ ነጭ ነበሩ ልትሉን ነው?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ሐሳባቸው ከየት እንደሚነሣ ግን አውቃለሁ፤ እኔም በተማሪነቴ ዘመን ከእነዚህ ነጥቦች አብዛኞቹን አምኜ ስከራከርባቸው ቆይቻለሁና። ከእያንዳንዳቸው ጋር የተለያየሁት አንድ በአንድ፣ ማስረጃው ራሱ እየገፋኝ ነው። ስለዚህ መልሴን የማቀርበው እንደ ባላጋራ ሳይሆን በአንድ ወቅት በዚያው መንገድ እንደ ተጓዘ ሰው ነው።

አስቀድሜ ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን ቦታ ላስቀምጥ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመንና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ የነበረው የአውሮፓና የአሜሪካ ምሁራን ሥራ በግብጽ ታሪክ ላይ ከባድ በደል ፈጽሟል። አሜሪካዊው ሐኪም ሳሙኤል ጆርጅ ሞርተን ከግብጽ መቃብሮች የተወሰዱ የራስ ቅሎችን እየለካ እ.ኤ.አ. በ1844 ባሳተመው ሥራ ግብጻውያን «ካውካሳዊ» እንደ ነበሩ፣ በመካከላቸው የነበሩት ጥቁሮችም ልክ በእርሱ ዘመን አሜሪካ እንደነበረው አገልጋዮችና ባሮች እንደ ነበሩ ጽፏል። ባርነት በአሜሪካ ሕጋዊ በነበረበት ዓመት የወጣ ሥራ ለማን እንዳገለገለ መናገር አያስፈልግም። ታዋቂው የቁፋሮ ሊቅ ፍሊንደርስ ፔትሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1895 ናቃዳ ላይ ያገኛቸውን መቃብሮች የአገሬው ሰዎች ናቸው ብሎ ለመቀበል ስለ ተቸገረ ከውጭ የገባ «አዲስ ዘር» ብሎ ሰየማቸው፤ ኋላ ግን መቃብሮቹ ከፈርዖኖች ዘመን በፊት በዚያው አገር የኖሩ የግብጻውያን ቅድመ አያቶች መሆናቸው ተረጋገጠ። በአፍሪካ የታየ መልካም ነገር ሁሉ «ሐማውያን» የተባሉ የነጭ ዘር ቅርንጫፎች ያመጡት ነው የሚለው ትምህርትም እኛን ኢትዮጵያውያንን ሳይቀር «ጠይም ነጮች» አድርጎ ከጎረቤቶቻችን ሊነጥለን ሞክሯል። ሴኔጋላዊው ሼክ አንታ ዲዮፕ ይህን ሁሉ ተቋቁሞ ግብጽን ወደ አፍሪካ መመለሱና እ.ኤ.አ. በ1974 ዩኔስኮ በካይሮ ባዘጋጀው ጉባኤ ከኮንጎው ቴዎፊል ኦቤንጋ ጋር ሆኖ ጉዳዩን በዓለም ሊቃውንት ፊት ማቆሙ ትልቅ ሥራ ነበር። ለዚህ ሥራ ያለኝን አክብሮት የሚቀንስ ነገር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የለም። የሞርተን ስሕተት ግን የሚታረመው የእርሱኑ ሚዛን ገልብጦ በመያዝ አይደለም፤ ሰውን በቆዳ ቀለም ከፍሎ ሥልጣኔን ለአንዱ ክፍል የሚያድለው ሚዛን ራሱ የተበላሸ ነበርና።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። «ክመት» በሚለው ቃል ውስጥ «ክም» ጥቁር ማለት ነው፤ በዚህ አልከራከርም። መጨረሻው ላይ ያለው «ት» ግን ለግእዝ ተማሪ እንግዳ አይደለም፦ ከ«ቅዱስ» «ቅድስት» እንደሚወጣ ሁሉ ይህም የአንስታይ ጾታ መድረሻ ነው፤ ቃሉም «ጥቁሪቱ» ማለት ይሆናል። ጥቁሪቱ ማን ናት? ግብጻውያን ቃላቸውን ሲጽፉ በመጨረሻው ላይ የነገሩን ዓይነት የሚያመለክት፣ ድምፅ የሌለው ምልክት ይጨምሩ ነበር፤ ስለ ሰዎች ሲሆን የተቀመጡ ወንድና ሴት፣ ስለ ከተማ ወይም ስለ ሰፈረ አገር ሲሆን ደግሞ በክብ ውስጥ የተሳለ መስቀለኛ መንገድ። «ክመት» የሚጻፈው በዚህ በሁለተኛው ምልክት ነው። ተቃራኒዋም «ደሽረት»፣ ማለትም «ቀይቱ» ስትሆን እርሷም ከሸለቆው ግራና ቀኝ ያለችው በረሃ ናት። «ክመት» የሰዎች መጠሪያ ከሆነ «ደሽረት» ማንን ልትጠራ ነው? ሁለቱ ስሞች አብረው የቆሙት የአባይ ጎርፍ የሚያለብሰውን ጥቁር ደለልና ከእርሱ ውጭ ያለውን ቀይ አሸዋ ለመለየት ነው።

ጸሐፊው በሰዎች ምልክት የተጻፈ «ክምትዩ» የሚል ቃል እንዳለ ይጠቅሳሉ፤ ቃሉ በእርግጥ አለ። ይሁን እንጂ አሠራሩን ከአማርኛ የተሻለ የሚያስረዳ ቋንቋ ማግኘት ይከብዳል። «ኢትዮጵያ» ከሚለው የአገር ስም «ኢትዮጵያዊ» እንደምንል እነርሱም ከ«ክመት» በዚያው ዓይነት መድረሻ «ክመታውያን» አሉ፤ ትርጉሙ «የጥቁሪቱ ምድር ሰዎች» ነው። ራሳቸውን ብዙ ጊዜ የጠሩት ግን «ረመች»፣ ማለትም በቀላሉ «ሰዎች» ብለው ነው። በስተ ደቡብ ላሉ ጎረቤቶቻቸው ደግሞ «ነሕሲ» የሚል የተለየ ስም ነበራቸው። ይህ ቃል ለእኛ ቅርብ ነው፤ የአሮን የልጅ ልጅ «ፊንሐስ» ስሙ «ፓ ነሕሲ» ከሚለው የግብጽ ቃል እንደ መጣና ትርጉሙም «ደቡባዊው፣ ኑቢያዊው» እንደሆነ በቋንቋ አዋቂዎች ዘንድ በሰፊው ተቀባይነት አለው። ለጎረቤት የተለየ ስም ያለው ሕዝብ ራሱንና ጎረቤቱን አንድ አድርጎ አይቆጥርም።

በዚህ ቦታ ላይ ጸሐፊው ዘንግተው ያለፉት አንድ ነገር ያስቆጨኛል። ያ ጥቁር ደለል አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚሄድ ነበር፤ ጥቁር አባይና ተከዜ በክረምት ከጎጃም፣ ከበጌምድርና ከትግራይ ጠርገው የሚወስዱት አፈር ነው። «ክመት» ስሟን ያገኘችበት ጥቁረት በከፊል የእኛው ተራራ ቅርፊት ነው። ይህ በማስረጃ የቆመ፣ ከተፈለገም የሚያኮራ ዝምድና ሆኖ ሳለ ቃሉን በግድ የቆዳ ስም ማድረግ ምን ጠቀመ?

ሥዕሎቹን በተመለከተ ጸሐፊው ቀይ ዳማ የተቀቡትን ወንዶችና የፈርዖኑን የዳግማዊ ሜንቱሆቴፕን ጥቁር ሐውልት በማስረጃነት ያቀርባሉ። የግብጽ ሠዓሊ ግን ፎቶግራፍ አንሺ አልነበረም። በ4ኛው ሥርወ መንግሥት የተሠሩትና እ.ኤ.አ. በ1871 በሜይዱም የተገኙት የልዑል ራሆቴፕና የሚስቱ የኖፍሬት ሐውልቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ባልየው ቀይ ዳማ፣ ሚስትየዋ ፈዛዛ ብጫ ናቸው። በቀለሙ ከሄድን ባልና ሚስት ሁሉ ከሁለት የተለያዩ ሕዝቦች የመጡ ሊሆኑ ነው። ልዩነቱ ወንድ በውጭ በፀሐይ፣ ሴት በቤት በጥላ እንደምትውል የሚነገርበት የሥዕል ሕግ ነው። የሜንቱሆቴፕ ጥቁረትም ሃይማኖታዊ ትርጉም አለው፤ ከሞት በኋላ የሚነሣው አምላክ ኦሳይረስ አንዴ ጥቁር አንዴ አረንጓዴ ሆኖ ይሣላል፣ ጥቁሩ የለም አፈር፣ አረንጓዴው የቡቃያ ቀለም ነውና። ከሞተች በኋላ እንደ አምላክ የተመለከችው ንግሥት አሕሞሴ ነፈርታሪም በአንዳንድ ሥዕሎች ጥቁር፣ በሌሎች ፈዛዛ ሆና ትታያለች። ይህን ሁሉ ስናገር ግን ሥዕሎቹ ምንም አይነግሩንም ማለቴ አይደለም። በቀዳማዊ ሴቲ መቃብር ግድግዳ ላይ አራት ሕዝቦች ተራ በተራ ቆመዋል፦ ግብጻውያን፣ የእስያ ሰዎች፣ ኑቢያውያንና ሊቢያውያን። ግብጻዊው ቀይ ዳማ፣ ኑቢያዊው ጥቁር፣ ሁለቱ ሌሎች ፈዛዞች ናቸው። በአሲዩት ከአንድ ሹም መቃብር የወጡት የእንጨት ወታደሮችም እንዲሁ ናቸው፤ 40ዎቹ ጦረኞች ግብጻውያን፣ 40ዎቹ ቀስተኞች ኑቢያውያን ሲሆኑ ቀለማቸው ሆን ተብሎ ተለይቷል። ሠዓሊዎቹ ራሳቸውን በኑቢያዊውና በእስያዊው መካከል አቁመዋል፤ ማንነታቸውን ከሁለቱም የተለየ አድርገው ያዩ ነበር ማለት ነው።

ቋንቋውን የሚመለከተው ነጥብ ያሳዘነኝም ደስ ያሰኘኝም ነው። ጥንታዊ ግብጽኛ ከግእዝ ሊወለድ አይችልም፤ የግብጽ ጽሑፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3200 ዓመት ገደማ ጀምሮ ሲታወቅ የግእዝ ጽሑፎች ከዚያ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ዘግይተው የመጡ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። አፍሮ እስያዊ የሚባለው ሰፊ ቤተሰብ ግብጽኛን፣ ግእዝንና አማርኛን የያዘውን የሴም ወገን፣ ኦሮምኛን፣ ሶማልኛን፣ አፋርኛንና አገውኛን የያዘውን የኩሽ ወገን፣ የሰሜን አፍሪካን በርበርኛና የናይጄሪያን ሐውሳ ያቅፋል፤ ብዙ የቋንቋ ሊቃውንትም የቤተሰቡን የመጀመሪያ መኖሪያ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ይፈልጉታል። ዝምድናውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ግብጻዊው መሞትን «ምት»፣ መቁጠርን «ሐሰብ»፣ ውኃን «ሙ» ይል ነበር፤ እኛ «ሞተ»፣ «ሒሳብ»፣ በግእዝም «ማይ» እንላለን። ምላስ ከጥንቱ ግብጽኛ በወረደው በቅብጥኛ «ላስ» ነው፣ በግእዝ «ልሳን»። «ሁለት» ለማለት «ስንዊ» ይሉ ነበር፤ የሳምንቱን ሁለተኛ ቀን «ሰኑይ»፣ በአማርኛ «ሰኞ» የምንለው ከዚያው ጥንታዊ ሥር በወረደ ቃል ነው። በየሳምንቱ የምንጠራው ስም ውስጥ ያለው ይህ የአጎት ልጅነት ስንጥቅ ሳይኖርበት የቆመ ነው፤ «ልጃችን ነው» ብሎ ማጋነን ግን እውነተኛውን ዝምድና ጭምር ያስጠረጥራል።

ሄሮዶቱስ ተጠቅሷል፤ ጥቅሱ ግን መሐል ላይ ተቆርጧል። በሁለተኛው መጽሐፉ 104ኛ ክፍል ላይ ሄሮዶቱስ የሚናገረው በጥቁር ባሕር ዳርቻ ስለሚኖሩት ኮልኪሳውያን ነው፤ ከግብጽ የመጡ ይመስሉኛል ካለ በኋላ ቆዳቸው የጠቆረ፣ ጠጉራቸው የተጠቀለለ መሆኑን ይጠቅሳል። ወዲያው ግን ሌሎችም እንዲህ ያሉ ሕዝቦች ስላሉ ይህ ምንም እንደማያረጋግጥ ራሱ ይናገርና ወደ ግርዛት ማስረጃ ያልፋል። ጠቆር ያሉ መሆናቸውን መመስከሩ እርግጥ ነው። ሆኖም ስለ ሕንድ የጻፉት ስትራቦና አሪያን የደቡብ ሕንዶች ኢትዮጵያውያንን፣ የሰሜኖቹ ግብጻውያንን እንደሚመስሉ ይናገራሉ፤ ለግሪኩ ዓይን ግብጻዊው ከእርሱ የጠቆረ፣ «ኢትዮጵያዊ» ካለው የደቡብ ሰው ደግሞ የቀላ ነበር።

ስለ ስፊንክስ አፍንጫ ብዙ አልልም። የናፖሊዮን ጦር ግብጽ የገባው እ.ኤ.አ. በ1798 ነው፤ ዴንማርካዊው ፍሬደሪክ ኖርደን በ1737 በሣለው ሥዕል ላይ አፍንጫው አስቀድሞ የለም። ግብጻዊው የታሪክ ጸሐፊ አል መቅሪዚ ደግሞ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጉዳቱን ያደረሰው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ሐውልቱ መመለኩ ያስቆጣው አንድ ሱፊ ሰው እንደሆነ ጽፏል። የግሪክና የሮም ሐውልቶችም ብዙዎቹ አፍንጫ የላቸውም፤ በሐውልት ላይ መጀመሪያ የሚሰበረው ከፊት የወጣው አካል ነው።

ከሁሉ ይልቅ አጥብቄ የምቃወመው የዛሬ ግብጻውያን የአገሩ ልጆች አይደሉም የሚለውን ነው፤ ምክንያቱም ይህ ስሕተት የሚነካው በሕይወት ያሉ ሰዎችን ነው። የዐምር ኢብን አል ዓስ ጦር እ.ኤ.አ. ከ639 እስከ 642 ግብጽን ሲይዝ ያገኘው በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ገበሬ የሰፈረበትን ሸለቆ ነው። ጦሩ ይህን ሕዝብ አላጠፋውም፤ ግብር ይሰበስብበት ነበርና ሊያጠፋውም አይፈልግም ነበር። ከዚያ በኋላ ዐረቦች እየመጡ መስፈራቸው እውነት ቢሆንም የተለወጠው በዋናነት ቋንቋውና ሃይማኖቱ ነው፤ ያውም በብዙ ትውልድ ውስጥ ቀስ በቀስ። የፈርዖኖቹ ቋንቋ የመጨረሻ መልክ የሆነው ቅብጥኛ በላይኛው ግብጽ እስከ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ሲነገር ቆይቶ ዛሬም በቅዳሴ ይሰማል። «ቅብጥ» የሚለው ስም ራሱ «አይጉፕቶስ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፣ እርሱም በሜምፊስ ከነበረው «ሑት ካ ፕታሕ» ከተባለ ቤተ መቅደስ ስም፤ «ግብጽ» የምንለው የኛም ቃል ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው። ዐረብኛ የሚናገር ሁሉ ከዐረብ ምድር መጣ ካልን በላቲን አሜሪካ ስፓኝኛ የሚናገረው የተወላጅ ገበሬ ሁሉ ከማድሪድ መጣ ልንል ነው።

ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት የሚያስፈልግ መሆኑ ይገርመኛል፤ የፈርዖኖቹን ልጆች ከእኛ በላይ በቅርብ የሚያውቅ የለምና። ፍሬምናጦስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያው አትናቴዎስ እጅ አቡነ ሰላማ ሆነው ከተሾሙበት ጊዜ አንሥቶ አቡነ ባስልዮስ እ.ኤ.አ. በ1951 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ እስከሆኑበት ድረስ አቡኖቻችን ከዚያው ከአባይ ሸለቆ የሚላኩ ቅብጦች ነበሩ። የዘመን አቆጣጠራችንም ከዚያው የመጣ ነው። እያንዳንዳቸው 30 ቀን የሆኑት 12 ወራትና በመጨረሻ የምትጨመረው ጳጉሜን የፈርዖኖቹ ገበሬዎች ዓመት ናቸው፤ ቅብጦች መስከረምን ዛሬም «ቱት» ይሉታል፣ ከጥንቱ አምላክ ከቶት ስም። እንቁጣጣሽ በምናከብርበት ቀን እነርሱም አዲስ ዓመታቸውን ያከብራሉ።

አሁን ወደ ቲርሐቅ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ 2ኛ ነገሥት 19፥9 ላይ «የኢትዮጵያ ንጉሥ» ተብሎ ስለ ተጠራ ጸሐፊው የአዲስ አበባን ሰው የግብጽ ገዥ አድርገው አቅርበውታል። በዕብራይስጡ ቃሉ «ኩሽ» ነው፤ የሰባው ሊቃናት የግሪክ ትርጉም «አይቲዮፒያ» አለው፣ የእኛም ትርጉም ይህን ተከተለ። ቲርሐቅ የነገሠበት ኩሽ ዛሬ ሰሜን ሱዳን ባለው በናፓታ፣ ከአራተኛው የአባይ ፏፏቴ አጠገብ የነበረ መንግሥት ነው። አክሱማውያን ራሳቸው ይህን አገር ከራሳቸው ለይተው ያውቁት ነበር፤ ንጉሥ ኢዛና በድንጋይ ባስቀረጸው የማዕረግ ዝርዝር ውስጥ በግሪክኛው «ኢትዮጵያውያን» የተባሉትን በግእዙ «ሐበሠት» ሲል «ካሱ» የሚባሉትን ደግሞ ለብቻ ቆጥሯል፣ ኋላም በአባይ ዳር ዘምቶባቸዋል። የኦሪት ዘፍጥረት 10ኛ ምዕራፍ እንኳ ኩሽንና ምጽራይምን፣ ማለትም ግብጽን፣ ሁለት ወንድማማቾች አድርጎ ነው የሚቆጥረው።

ቲርሐቅ የነገሠበት የ25ኛው ሥርወ መንግሥት ታሪክ ያለ ምንም ማጋነን ግሩም ነው፤ ክብሩም በመጀመሪያ ለሱዳናውያን ይገባል። ከሺህ ዓመት በላይ ግብጽ በኑቢያ ላይ ምሽግ ስትሠራ፣ ወርቋን ስትዘርፍ፣ ሕዝቧን ስትማርክ ኖራ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነገሩ ተገለበጠና የኩሹ ፒዬ ወደ ሰሜን ዘመተ። በጀበል ባርካል እ.ኤ.አ. በ1862 የተገኘው የድል ሐውልቱ የሚያስደንቅ ሰው ያሳየናል። ፒዬ ጦሩን በቴብስ ያለውን አምላክ አሞንን ሳያመልኩ እንዳይዋጉ ያዝዛል፤ ከተማይቱን ሄርሞፖሊስን ሲይዝ በከበባው የተራቡትን ፈረሶች አይቶ ከሌላው በደል ሁሉ ይልቅ በዚህ ይቆጣል፤ እጅ ሊሰጡ የመጡትን የሰሜን መሳፍንት ያልተገረዙና ዓሣ የሚበሉ ናቸው ብሎ ከአንዱ በስተቀር ወደ ቤተ መንግሥቱ አያስገባቸውም። የሰሜኖቹ መሳፍንት ብዙዎቹ የሊቢያ ትውልድ ነበሩ። ጥቁሩ ንጉሥ የግብጽን ሥርዓት ከእነርሱ በላይ ጠባቂ ሆኖ ቆመ። ሆኖም የእነዚህ ነገሥታት ዘመን መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ በአሦር ጦር ተደመደመ፤ ቴብስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ663 ተዘረፈች። ፒራሚዶቹ በጊዛ ከቆሙ በዚያን ጊዜ ከ1800 ዓመት በላይ አልፏል። ቲርሐቅ የኩፉን ፒራሚድ ያየው እኛ የአክሱምን ሐውልት እንደምናየው፣ እንደ ጥንት ሰዎች ሥራ ነው።

የእኛን ምድር ከጥንቷ ግብጽ ጋር የሚያገናኝ እውነተኛ ነገር ለሚፈልግ ፑንት አለች። ንግሥት ሐትሼፕሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መርከቦች ልካ ዕጣንና ሕያው የዕጣን ዛፍ አስመጥታለች፤ ጉዞው በደይር ኤል ባሕሪ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። የፑንት ቦታ ሲያከራክር ቢኖርም በግብጽ መቃብሮች በተገኙ የዝንጀሮ ሙሚዎች ላይ በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች ወደ ኤርትራ፣ ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሶማሊያ አቅጣጫ ያመለክታሉ። ግብጻውያን ያቺን ምድር «የአምላክ አገር» ይሏት ነበር።

ክሊዮፓትራን በሚመለከት አጭር መልስ ይበቃል። እርሷ የታላቁ እስክንድር ጄኔራል የነበረው የመቄዶንያዊው በጥሊሞስ ዘር ናት፤ ዘመኗም ከፒራሚዶቹ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። የእናቷ ማንነት በእርግጠኝነት አልተመዘገበም፤ ከዚህ ክፍተት ተነሥቶ የፈለጉትን ቀለም መቀባት ግን ታሪክ አይደለም። ፕሉታርክ ከቤተሰቧ የግብጽን ቋንቋ የተማረች እርሷ ብቻ እንደ ነበረች መጻፉ ሥርወ መንግሥቱ ለ250 ዓመት ያህል ለሚገዛው ሕዝብ ምን ያህል ባዕድ እንደ ነበረ ይነግረናል።

የዘረመል ጥናቶቹን «ሴራ» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ እንደ ወረደ መዋጥም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ጥናት ከአቡሲር ኤል መሌቅ የ151 ሰዎች ሙሚ ተመርምሮ ከ90ዎቹ የእናት ወገን ዘረመል፣ ከ3ቱ ብቻ ሰፋ ያለ መረጃ ተገኘ፤ ውጤቱም ከመካከለኛው ምሥራቅ ሕዝቦች ጋር ቅርበት አሳየ። ጋዜጦች ይህን «ግብጻውያን አፍሪካውያን አልነበሩም» ብለው ጮኹበት። ነገር ግን ናሙናው ሁሉ በሰሜን በኩል ከፋዩም አጠገብ ካለ ከአንድ መቃብር ስፍራ የወጣ፣ ዘመኑም የውጭ ሰው ብዙ የሰፈረበት፣ «አዲሱ መንግሥት» ከሚባለው የፈርዖኖች ዘመን እስከ ሮማውያን ጊዜ የሆነ ነው፤ አጥኚዎቹም ለመላው ግብጽ እንደማይናገር አስጠንቅቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመው ጥናት የበለጠ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከካይሮ በስተ ደቡብ 265 ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው በኑወይራት በሸክላ ጋን ውስጥ የተቀበረ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2855 እና በ2570 መካከል የኖረ ሰው ሙሉ ዘረመሉ ተነበበ። ከአምስት አራት እጅ የሚሆነው ትውልዱ ከሰሜን አፍሪካ የጥንት ገበሬዎች ጋር፣ አንድ አምስተኛው ከሜሶፖታምያ አካባቢ ጋር የሚገናኝ ሆኖ ተገኘ። አጥንቱ በሥራ ብዛት ያለቀ፣ ምናልባትም ሸክላ ሠሪ የነበረ ሽማግሌ ነው። የእርሱ ትውልድ ጸሐፊውንም ሞርተንንም አይደግፍም፤ በአፍሪካ ምድር ሥር የሰደደ፣ ከጎረቤት ጋር የተጋባ ሰው ነው። ከደቡቡ፣ ከቴብስና ከአስዋን አካባቢ፣ ከዚያው ዘመን ተመሳሳይ ንባብ ሲገኝ ሥዕሉ ይበልጥ እንደሚሞላ አምናለሁ።

«ጥቁር ካልነበሩ ነጭ ነበሩ ልትሉን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። የሰሃራ ሣር እየደረቀ ሲሄድ ከብት አርቢዎቹ ወደ አባይ ሸለቆ ተሰበሰቡ፤ በባዳሪና በናቃዳ መንደሮቻቸው ውስጥ የፈርዖኖቹ መንግሥት በ3100 ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከመቆሙ አስቀድሞ ሥርዓቱ እዚያው በቀለ። ጅምሩ ደግሞ በላይኛው ግብጽ፣ በደቡቡ ነው። ከአስዋን እስከ ባሕሩ ባለው ሸለቆ የሰው መልክ ያኔም እንደ ዛሬው ከደቡብ ወደ ሰሜን ቀስ እያለ ይለወጥ ነበር፤ «እዚህ ላይ ጥቁር አበቃ» የሚል የድንበር ድንጋይ ያቆመ የለም። ፈርዖኑ 3ኛው ሰኑስረት «ሰምና» በተባለው የኑቢያ ስፍራ ያቆመው ድንጋይ ኑቢያውያን ያለ ንግድ ወይም ያለ መልእክት ወደ ሰሜን እንዳያልፉ ይከለክላል፤ ክልከላው የመንግሥት ወሰን ጉዳይ ነው። ወሰኑን አልፎ የንጉሡን አገልግሎት፣ የአገሩን ቋንቋና አማልክት የያዘ ሰው ግብጻዊ ይሆን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1899 በነገሥታት ሸለቆ የተከፈተው የማይሔርፕሪ መቃብር ይህን ያሳያል። ሰውዬው በ18ኛው ሥርወ መንግሥት በቤተ መንግሥት ከመሳፍንት ልጆች ጋር ያደገ፣ ከንጉሡ ቀኝ ማራገቢያ የሚይዝ ሹም ነበር። ከእርሱ ጋር በተቀበረው የጸሎት ጥቅልል ላይ ሠዓሊው ፊቱን ከተለመደው ቀይ ዳማ ይልቅ ጥቁር፣ ጠጉሩን ጥቅልል አድርጎ ሥሎታል። ስሙ ግን የግብጽ ስም ነው፣ «በጦር ሜዳ ያለ አንበሳ» ማለት ነው፤ ጸሎቱ በግብጽኛ ነው፣ ልብሱ የግብጽ ነጭ በፍታ ነው፣ የተቀበረውም ከፈርዖኖቹ መካከል ነው።